ከሞተ የሶላር ፋኖስ የሚተርፈው ኃይል

በየገጠር ቤቱ ቆጥ ላይ፣ በከተማም በአልጋ ሥር ወይም በዕቃ ማስቀመጫ ጥግ፣ አንድ ሁለት የማይበራ የሶላር ፋኖስ አይጠፋም። ባለቤቱ ቢጠየቅ «ሶላሩ ሞተ» ብሎ ያልፈዋል። አባባሉ ለወሬ ይበቃል፤ ለጥገና ግን አሳሳች ነው፤ ሶላር ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ዕቃ ዕድሜያቸው እጅግ የሚለያይ ክፍሎች ተጋጥመው የሠሩት ነውና። ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ሰሌዳ አለ፤ የቀኑን ለሌሊት የሚያቆየው ባትሪ አለ፤ በሁለቱ መካከል ሆኖ መጠን የሚቆጣጠር ትንሽ ቦርድ አለ፤ ከዚያ አምፖሉ፣ ማብሪያ ማጥፊያውና ገመዱ ይከተላሉ። በመስታወት የተሸፈነ ደህና ሰሌዳ 25 ዓመት ያህል ሊያገለግል ሲችል፣ ባትሪው በአብዛኛው ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደክማል። ስለዚህ ፋኖሱ ሞተ በተባለበት ቀን የሞተው ብዙውን ጊዜ ባትሪው ነው፤ አለዚያም ገመዱ ተበጥሷል ወይም ማብሪያው ላልቷል። ሰሌዳው ግን እንደ ወትሮው ፀሐይ በወጣች ቁጥር ኤሌክትሪክ ለመስጠት ዝግጁ ነው፤ የሚቀበለው ብቻ አጥቷል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋማት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጡት ዘገባ መሠረት፣ ዓለም በ2022 እ.ኤ.አ. ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አምርታለች፤ በአግባቡ መሰብሰቡና መልሶ ለጥቅም መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ነበር። በዚህ ክምር ውስጥ የሶላር ፋኖስ በክብደቱ ኢምንት ነው። የሚያሳስበው የሚገኝበት ቦታ ነው፤ የተሸጠው መብራት ባልደረሰበት መንደር በመሆኑ፣ ሲበላሽም ጠጋኝና ሰብሳቢ ከማይደርስበት ቦታ ይቀራል። የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኬንያ ውስጥ ባካሄዱትና በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ያስተዋሉት አንድ ነገር ለእኛም እንግዳ አይሆንም፦ ሰዎች የተበላሸውን ሶላር አይጥሉትም፣ ቤት ውስጥ ያስቀምጡታል። አንድ ቀን ይሠራልኛል የሚል ተስፋ አለ፤ ገንዘብ የወጣበትን ዕቃ መጣልም ያሳሳል። በእኛ ከተሞች ቁራሌው በበር ሲያልፍ የሚጠይቀው ብረቱን፣ መዳቡንና ፕላስቲኩን ነው፤ እንደ ምናለሽ ተራ ባለ ቦታ ከአሮጌ ጎማና በርሜል ስንት ዕቃ ተሠርቶ እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው፣ የሚሠራ የኃይል ምንጭ በክብደቱ ተመዝኖ ሲሸጥ ቢያይ ሊቆጨው ይገባል።

የመጀመሪያው ሥራ ሰሌዳው በሕይወት መኖሩን ማረጋገጥ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ቴስተር የሚሉት መለኪያ ሲሆን፣ ርካሹም ለዚህ ዓላማ ይበቃል። ደመና በሌለበት ቀን፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሰሌዳው በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ በቀጥታ ወደ ፀሐይ ይዞራል፤ ከዚያም በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለው ቮልት ይለካል። ስንት ቮልት እንደሚጠበቅ ለማወቅ በሰሌዳው ላይ የሚታዩትን የሲሊከን ቁርጥራጮች መቁጠር ይቻላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በሥራ ላይ ወደ 0.5 ቮልት፣ ምንም ሳይጫንበት ደግሞ ወደ 0.6 ቮልት ይሰጣል። የፋኖስ ሰሌዳዎች አብዛኛውን ጊዜ 12 ያህል ቁራጭ ስላላቸው ባለ6 ቮልት ይባላሉ፤ በጣሪያ ላይ የሚሰቀለው «ባለ12» የሚባለው ሰሌዳ ግን 36 ቁራጭ ስላለው በሥራ ላይ ወደ 18፣ ባዶውን ሲለካ ደግሞ ከ21 ቮልት በላይ ያወጣል። ይህ የስምና የእውነት ልዩነት ብዙ ዕቃ አቃጥሏል፤ «ባለ12 ነው» ተብሎ በቀጥታ 12 ቮልት ከሚፈልግ ዕቃ ጋር የሚገናኝ ሰሌዳ፣ ከሚጠበቅበት እጥፍ ሊቀርብ የሚችል ግፊት ያሳርፍበታል።

ቮልት ብቻውን ግን ምስክር አይሆንም። በጣሪያ ላይ ያለ የሮቶ ውኃ ማጠራቀሚያን ማሰብ ነገሩን ያቀለዋል፤ ሮቶው የተሰቀለበት ከፍታ ግፊቱን ይወስናል፣ ያ ቮልት ነው፤ በቧንቧው ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚያልፈው የውኃ ብዛት ደግሞ አምፔር ነው። ቧንቧው በዝገት የጠበበ ቤት ሮቶው የቱንም ያህል ከፍ ቢል ባልዲ የሚሞላው በስንት ሰዓት ነው። የተሰነጠቀ፣ የተበላሸ ብየዳ ያለው ወይም ሽፋኑ የጠቆረ ሰሌዳም እንዲሁ ሙሉ ቮልት እያሳየ አምፔሩ ከስም ያነሰ ሊሆን ይችላል። በተለይ በርካሽ ፋኖሶች ላይ ያሉ፣ በመስታወት ፈንታ በሙጫ መሰል ነገር የተሸፈኑ ትንንሽ ሰሌዳዎች ፀሐይ ሲበዛባቸው ሽፋናቸው ቢጫ ይሆንና ብርሃን ማሳለፍ ያቅታቸዋል። እነዚህ 25 ዓመት ይኖራሉ ብሎ መጠበቅ አይገባም። ስለዚህ ቴስተሩን ወደ አምፔር መለኪያው ቀይሮ፣ ሽቦውንም በ10 አምፔር ቀዳዳ ሰክቶ፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን መለካት ያስፈልጋል፤ ለእንዲህ ዓይነት ትንሽ ሰሌዳ ይህ አደጋ የለውም። ዋት የሚባለው ቮልቱ በአምፔሩ ሲባዛ የሚገኘው ኃይል ነውና፣ ባለ6 ቮልትና ባለ3 ዋት ሰሌዳ በጥሩ ፀሐይ ወደ ግማሽ አምፔር ካሳየ ጤነኛ ነው፤ ከዚያ በግማሽ ካነሰ ወይ ደክሟል፣ ወይ በስተመጀመሪያውም ጀርባው ላይ የተለጠፈው ቁጥር የተጋነነ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ይመጣል። ሰሌዳው ኤሌክትሪክ እንደሚሰጥ የተረዳ ሰው የስልክ ገመድ ቆርጦ በቀጥታ ከሰሌዳው ጋር ያገናኛል። ስልክ የሚጠብቀው 5 ቮልት ነው፤ ሰሌዳው ደግሞ እንደ ፀሐዩ ሁኔታ አንዴ 7፣ አንዴ 3 ይሰጣል። ከፍ ሲል የስልኩ የመሙያ ክፍል ይጎዳል። ዝቅ ሲል ስልኩ መሙላት ይጀምርና ያቆማል፤ ምክንያቱም ስልኩ ሰሌዳው ሊሰጥ ከሚችለው በላይ አምፔር ሲጎትት ቮልቱ ይወድቃል፣ ስልኩም ቻርጀሩ የተነቀለ መስሎት ይተወዋል፣ ሲተወው ቮልቱ ተመልሶ ይነሳል፣ ደግሞ ይጀምራል። ደመና ባለበት ቀን ስልኩ በየደቂቃው እየበራ «እየሞላ ነው» ሲል ይውልና ማታ ሲታይ ከጠዋቱ ያነሰ ቻርጅ ይገኝበታል። ስለዚህ በሰሌዳና በስልክ መካከል ሁለት ነገር መግባት አለበት፤ ቮልቱን 5 ላይ የሚያጸና መቀነሻና፣ የፀሐዩን መዋዠቅ ችሎ የሚያጠራቅም ባትሪ።

ሁለቱም ከአሮጌ ዕቃ ይገኛሉ። መቀነሻው ብዙ ሰው የማያስበው ቦታ አለ፤ በመኪና ሲጋራ መለኮሻ ቀዳዳ የሚሰካው የስልክ ቻርጀር ነው። ይህ ዕቃ የተሠራው ከ12 እስከ 24 ቮልት ተቀብሎ 5 ቮልት እንዲሰጥ ነው፤ ሁለት ባለ6 ቮልት የፋኖስ ሰሌዳዎች በተከታታይ፣ ማለትም የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር ሲገናኙ ደግሞ ለእርሱ የሚስማማ 12 ቮልት ያህል ይሰጣሉ። የቻርጀሩ የጫፍ እምብርት ፖዘቲቭ ነው፤ በጎኑ ያሉት ስፕሪንጎች ኔጋቲቭ ናቸው። የሽቦ ቀለም አያምኑም፤ በርካሽ ዕቃ ላይ ቀዩ ኔጋቲቭ ሆኖ መገኘቱ ያጋጥማልና በቴስተር ማየት ይሻላል። «ባለ12» ከሚባለው የጣሪያ ሰሌዳ ጋር ለማገናኘት ደግሞ በቻርጀሩ ላይ እስከ 24 ቮልት እንደሚችል መጻፉን ማንበብ የግድ ነው፤ 12 ብቻ የሚል ከሆነ ይቃጠላል።

ማጠራቀሚያው ፓወር ባንክ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ከሰሌዳው ጋር ተገናኝቶ ቀኑን ሙሉ ይሞላል፤ ማታ ስልኩ ከእርሱ ይሞላል። ፓወር ባንክ ትዕግሥተኛ ነው፤ ደመና ቢመጣ ቆሞ፣ ፀሐይ ስትመለስ ይቀጥላል፣ ስልኩም በፀሐይ ላይ ተጥሎ ከመጋል ይድናል። የስልክ ባትሪን ከሚያሳጥሩ ነገሮች ዋነኛው ሙቀት ስለሆነ፣ ስልክን ከሰሌዳው አጠገብ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ መሙላት አትራፊ አይደለም። ፓወር ባንኩንም ቢሆን ከሰሌዳው በስተጀርባ፣ በጥላው ውስጥ ማድረግ ይገባል።

ሁለት ሰሌዳ ሲቀጠል አንድ ሕግ አለ። በደቦ ግንብ ሲሠራ ሰዎች ተሰልፈው ድንጋይ ሲቀባበሉ፣ የሰልፉ ፍጥነት የሚወሰነው በደካማው ሰው ነው። በተከታታይ የተቀጠሉ ሰሌዳዎችም፣ በአንድ ሰሌዳ ውስጥ ያሉ ቁርጥራጮችም እንዲሁ ናቸው። አንዱን ቁራጭ የዛፍ ቅርንጫፍ ወይም የወፍ ኩስ ሲሸፍነው የሚጎድለው የአንድ ቁራጭ ድርሻ ብቻ አይደለም፤ የሁሉም ነው። ባለ3 ዋትን ከባለ1 ዋት ጋር በተከታታይ መቀጠል ትልቁን ሰሌዳ ወደ ትንሹ ደረጃ ያወርደዋል።

ሒሳቡን በሐቅ ማስላት ከብዙ ብስጭት ያድናል። በአብዛኛው የኢትዮጵያ ክፍል በአንድ ቀን የሚገኘው ፀሐይ፣ ሙሉ ኃይል ወዳላቸው ሰዓታት ሲመነዘር፣ በዓመት አማካይ 5 ሰዓት ከዚያም በላይ ይሆናል። ሁለት ባለ3 ዋት ሰሌዳዎች 6 ዋት ናቸው፤ በ5 ሰዓት 30 ዋት ሰዓት ያመርታሉ ማለት ነው። ከዚህ ላይ ሙቀት፣ አቧራ፣ የአቀማመጥ ስህተት፣ መቀነሻው፣ ፓወር ባንኩ ሲሞላና ሲሰጥ የሚባክነው ሲነሳ ግማሹ ይተርፋል ብሎ መያዝ ያዋጣል፤ 15 ዋት ሰዓት። ባለ1,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት፣ ማለትም ባለ1 አምፔር ሰዓት፣ ባትሪ ያለው ባለ ቁልፍ ስልክ በባትሪው 3.7 ቮልት ሲባዛ 3.7 ዋት ሰዓት ስለሚይዝ በዚህ አራት ጊዜ ይሞላል። ባለ5,000 ዘመናዊ ስልክ ግን 18.5 ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከባዶ ቢነሳ ከአምስት እጅ አራቱ ይሞላለታል። ስልክ ለማስሞላት በገበያ ቀን ከተማ ድረስ ለሚሄድና ለሚከፍል ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የእንጀራ ምጣድ ግን 3,500 ዋት ገደማ ስለሚፈልግ ወደ 600 የሚጠጋ እንዲህ ያለ ጥንድ ሰሌዳ ይጠይቃል። ካውያና የውኃ ማፍያም ከዚህ ወገን ናቸው፤ ሙቀት የሚያወጣ ዕቃ ሁሉ ለአሮጌ ፋኖስ ሰሌዳ የሚመጥን አይደለም።

ከሁሉም በላይ ቆሻሻ የሚቀንሰው ጥቅም ግን፣ በእኔ ግምት፣ ስልክ ሳይሆን ሬዲዮና የእጅ ባትሪ ላይ ያለው ነው። የሬዲዮ ድንጋይ አንድ ጊዜ አልቆ ይጣላል፤ በየማሳውና በየአጥሩ ሥር የሚበሰብሰው እርሱ ነው። ሁለት ድንጋይ የሚወስድ ሬዲዮ የሚሠራው በ3 ቮልት ነው። ጥራት ባላቸው የሶላር ፋኖሶች ውስጥ ከሚገኙት ባትሪዎች አንዱ ዓይነት፣ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው፣ አንዱ ፍሬ 3.2 ቮልት ስለሆነ አዲስ ከተገዙ ሁለት ድንጋዮች ቮልት ጋር ይገጣጠማል ማለት ይቻላል። ፋኖሱ አምፖሉ ወይም ማብሪያው ተበላሽቶ ባትሪው ግን ደህና ከሆነ፣ በራሱ የመሙያ ቦርድና በራሱ ሰሌዳ እየሞላ ሬዲዮውን ለዓመታት ሊያናግር ይችላል። ማድረግ የሚገባው ከባትሪው ሁለት ሽቦ አውጥቶ፣ በፖዘቲቩ ላይ ትንሽ ፊዩዝ አስገብቶ፣ በሬዲዮው የድንጋይ ማስቀመጫ ሁለት ጫፎች ላይ ማገናኘት ነው።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን የባትሪውን ዓይነት ማምታታት ነው፤ ሁለቱ የሊቲየም ዓይነቶች በመልክ አንድ ናቸው። በስልክና በላፕቶፕ ውስጥ ያለው ሊቲየም አዮን 3.7 ቮልት የሚል ጽሑፍ ሲኖርበት ሲሞላ 4.2 ይደርሳል፤ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ግን 3.2 ይልና ከ3.65 ማለፍ የለበትም። በሞባይል መለዋወጫ ሱቆች በርካሽ የሚሸጠው የመሙያ ቦርድ የተሠራው ለመጀመሪያው ነው። በሁለተኛው ላይ ከተገጠመ ባትሪውን ከመጠኑ በላይ እየሞላ ያበላሸዋል። በተቃራኒው ለ3.2 የተሠራ ቦርድ ባለ3.7ን ባትሪ መቼም አይሞላውም፤ ባለቤቱም ባትሪው ደክሟል ብሎ ይጥለዋል። ባትሪ ሲለወጥ በላዩ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ፣ ጽሑፉ ከጠፋም አለመገመት ያስፈልጋል።

የደከመ ባትሪ ለመተካት ሌላው ምንጭ አሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ ነው። በውስጡ ብዙውን ጊዜ ስድስት ሲሊንደር ፍሬዎች አሉ፤ እያንዳንዱ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። ላፕቶፑ ባትሪው አልቋል ሲል ከስድስቱ የሞቱት አንድ ወይም ሁለት ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ከእያንዳንዱ ፍሬ ላይ ቮልት ሲለካ ከ2 በታች የወረደውን ማስነሳት አይመከርም፤ በውስጡ የተፈጠረው ጉዳት በኋላ ሲሞላ እሳት ሊያመጣ ይችላል። ሌሎቹ በተገቢው ቦርድ እስከ 4.2 ተሞልተው ሁለት ሳምንት ያህል ሳይነኩ ይቀመጣሉ፤ ቮልቱን የጠበቀው ይወሰዳል፣ በራሱ የወረደው ይለያል። ሲሞላ እጅን የሚፈጅ ፍሬም ይለያል። ባትሪውን በቢላ መፈልቀቅና በፍሬው ላይ በቀጥታ መበየድ ግን ልምድ ለሌለው ሰው የሚመከር ሥራ አይደለም፤ ለዚህ የሞባይል ጥገና ባለሙያ ዘንድ መሄድና ጥቂት ብር መክፈል ጣት ከመቃጠል ይሻላል።

ያበጠ ባትሪ በምንም መልኩ አይሞላም፣ አይወጋም፣ አይጫንም፤ ወደ ቆሻሻ ገንዳም አይጣልም፣ በመኪና ሲጨፈለቅ እዚያው ሊነድ ይችላልና። ደረቅ አሸዋ በተሞላ ጣሳ ውስጥ፣ ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው፣ ከቤት ውጪ ተቀምጦ ተቀባይ እስኪገኝ ይቆያል። በጣሪያ ሶላር ሥር የሚቀመጠው ትልቁ የአሲድ ባትሪ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በውስጡ ያለው እርሳስ ዋጋ ስላለው ገዢ አያጣም፤ ነገር ግን አሲዱን ጓሮ ደፍቶ እርሳሱን በከሰል ማቅለጥ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ በአፈርና በጭስ መበተን ነው። የአደገኛ ቆሻሻ አወጋገድን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1090/2010 የወጣው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው። አሮጌውን ባትሪ ሳይከፍቱ፣ ሙሉውን፣ አዲስ ለሚሸጠው ነጋዴ መመለስ ቀላሉ መንገድ ነው።

ከተማ ላለ ሰውም ነገሩ ባዳ አይደለም። መብራት ሲሄድ የሚቆጨው ብዙ ጊዜ ኢንተርኔቱ ነው፤ ዋይ ፋይ የሚሰጠው ሳጥን ግን አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት የሚጠቀምና ከ10 ዋት ብዙም የማያልፍ ነው። ከገጠር ቤተሰብ የተረፈ ባለ20 ወይም ባለ50 ዋት ሰሌዳ፣ ከኮንትሮለርና ከደህና ባለ12 ቮልት ባትሪ ጋር በረንዳ ላይ ቢቀመጥ ማታውን ያሻግረዋል። ኮንትሮለሩ እዚህ ሊቀር አይችልም፤ ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይሞላ፣ ሌሊት ደግሞ ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ወደ ሰሌዳው ተመልሶ እንዳይፈስ የሚጠብቀው እርሱ ነው። ባትሪው እየሞላ ሳለ ቮልቱ ወደ 14 ስለሚደርስ፣ ሳጥኑን ከማገናኘት በፊት መካከል ላይ 12 ላይ የሚያጸና መቀነሻ ማድረግ ይበጃል።

ሰሌዳው በየትም ይቀመጥ፣ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ መቀመጡ ለእኛ ሰማይ ይስማማል፤ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበውም ይረዳል። በሰኔና በሐምሌ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ስለምታጋድል ጠፍጣፋ ቢሆን ይሻላል። በክረምት ደመናው ራሱ ምርቱን ስለሚቀንስ፣ በጥቅምት ስልክና ሬዲዮ ሁለቱንም ያጠገበ ሰሌዳ በነሐሴ ከሁለቱ አንዱን ሊያስመርጥ ይችላል።

አዲስ ፋኖስ መግዛት ግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ ለሁሉም ነገር ጥገና አዋጪ ነው ማለት አይደለም። ሱቅ ላይ ግን ከብርሃኑ ድምቀት በፊት ከሥር ገልብጦ ማየት ይገባል። ክዳኑ በብሎን የታሰረ ነው ወይስ በሙጫ የተጣበቀ? የባትሪው ዓይነትና ቮልት ተጽፎበታል? የሰሌዳው ገመድ ተነቅሎ የሚወጣ ነው? ብሎን ያለው ፋኖስ ከሦስት ዓመት በኋላ በአንድ መፍቻ ተከፍቶ ባትሪው ይለወጥለታል፤ የተጣበቀው ግን ለመክፈት ሲታገሉት ይሰበራል።